ኦርጅናል ነው? ተነካክቶስ ይሆን? ሐሰተኛን የመከላከያና መከፈትን የማጋለጫ ዘዴዎች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. በ1982 መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ቺካጎና አካባቢዋ ውስጥ ሰባት ሰዎች ታይለኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስደው ሞቱ። መድኃኒቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ደህና ነበር። ብልቃጡም፣ ጽሑፉም፣ እንክብሉም ኦርጅናል ነው። አንድ ሰው ከሱቅ መደርደሪያ አንስቶ፣ እንክብሎቹን ከፍቶ፣ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮባቸው መልሶ አስቀምጦት ነው። በግድያው የተፈረደበት ሰው እስከ ዛሬ የለም። አምራቹ 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ። መድኃኒቱ ወደ መደርደሪያ ሲመለስ ሦስት ማሸጊያ ተደርቦለት ነበር፦ በሙጫ የተጣበቀ ካርቶን፣ አንገቱን አጥብቆ የያዘ ፕላስቲክ፣ አፉ ላይ ደግሞ የታሸገ ፎይል።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ኦርጅናል መሆንንና አለመነካካትን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኦርጅናል ዕቃ ተከፍቶ ሊበላሽ ይችላል። ፎርጅዱ ደግሞ ማሸጊያው ፍጹም ያልተነካ ሊሆን ይችላል። ያሸገው አጭበርባሪው ራሱ ነዋ!

ምርታችሁን ከአስመሳይ ለመጠበቅ የምትፈልጉ አምራቾች፣ ዕቃ የምትልኩ፣ ሰርተፍኬት የምትሰጡ፣ ወይም ላፕቶፓችሁን ማን እንደነካው ማወቅ የምትፈልጉ ሰዎች ገበያ ውስጥ የሚገጥማችሁ ምርጫ ዓይን አዋጅ ነው። ሆሎግራም፣ ኪውአር ኮድ፣ ቺፕ፣ የሚቀደድ ስቲከር፣ የማይታይ ቀለም። ሻጩ ሁሉ የእኔ አይኮረጅም ይላል። ስለዚህ ከዕቃው በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ።

መመዘኛዎቹ

አንደኛ፣ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? «እውነተኛ ነው?» የሚለውን ነው ወይስ «ተከፍቷል?» የሚለውን? ሁለቱንም የሚመልስ ዘዴ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ማን ነው የሚፈትሸው? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው። ገዢው በባዶ ዓይኑ ነው? ባለሱቁ በስልኩ ነው? ወይስ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ባለሙያ? ረቂቅ ቴክኖሎጂ ተገዝቶ፣ የሚያየው ሰው ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ ዕቃው ያልተጠበቀ ያህል ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ለመኮረጅ ምን ያህል ይከብዳል? እዚህ ላይ ራሳችሁን አታታሉ። አጭበርባሪው ፍጹም ቅጂ አያስፈልገውም። ገዢውን ለአምስት ሰኮንድ የሚያሳምን ነገር ይበቃዋል።

አራተኛ፣ ተነቅሎ ሌላ ዕቃ ላይ ሊለጠፍ ይችላል? እውነተኛው ምልክት ከባዶ ጠርሙስ ተነስቶ የውሸት ዕቃ ላይ ከተለጠፈ፣ ምልክቱ ለአጭበርባሪው መሥራት ጀመረ ማለት ነው።

አምስተኛ ወጪ ነው። የአንዱን ስቲከር ዋጋ ብቻ አትዩ። ሰርቨሩ፣ ሥልጠናው፣ የማሸጊያ ማሽኑ፣ «ኮዱ አልሠራ አለኝ» ለሚል ደንበኛ መልስ የሚሰጠው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሲከፈት የሚሰበር ማሸጊያ

ቀላሉና አብዛኛው ሰው ሳያስበው የሚጠቀምበት ይህ ነው። የውሃ ጠርሙስ ስንከፍት «ቀጭ» የምትለዋ ድምፅ አለች። ክዳኑን ከሥሩ ካለው ቀለበት ጋር የያዙት ቀጫጭን ድልድዮች ሲበጠሱ የሚሰማ ነው። ቀለበቱ አንገቱ ላይ ይቀራል፣ ክዳኑ ይወጣል። ድምፁን ካልሰማችሁ፣ ወይም ክዳኑ ያለ ምንም ትግል ከዞረላችሁ፣ ከእናንተ በፊት የከፈተው አለ።

የማርማላታ ወይም የሕፃን ምግብ ብርጭቆ ደግሞ አንሡ። ክዳኑ መሀል ላይ ክብ ነገር አለች። በሌባ ጣታችሁ ጫን በሏት። ያልተከፈተ ከሆነ ወደ ታች ሰርጉዳ ትቆያለች፣ አትንቀሳቀስም። ውስጡ ያለው አየር ስለተቀነሰ ከውጭ ያለው ግፊት ይዟታል። አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባል፣ ክቧም ወደ ላይ ትነሣለች፤ ስትጫኗት ጧ እያለች ትወርዳለች፣ ትነሣለች። መብራት አይፈልግም፣ ስልክ አይፈልግም፣ ማንበብ እንኳን አይፈልግም። ማኅተም ማለት ይህ ነው እላለሁ እኔ።

የጠርሙስ አፍ ላይ የሚታሸገው ፎይልም የዚህ ቤተሰብ ነው። ክዳኑ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይልና ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን ይቀመጣል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ጠርሙሱ በኤሌክትሮማግኔት ሥር ያልፋል። ፎይሉ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከጠርሙሱ አፍ ጋር ይጣበቃል። ሳይቀደድ መክፈት በጣም ከባድ ነው። በሙቀት ተኮማትሮ የሚጠብቀው የአንገት ላስቲክ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ምንም ያልታተመበትን ባዶ ላስቲክ ማንም ገዝቶ ሊተካው ይችላል። ይህን ከመረጣችሁ ስማችሁ ወይም አንድ ለየት ያለ ሥዕል ይታተምበት።

የዚህ ሁሉ ድክመት አንድ ነው። «ተከፍቷል?» የሚለውን በደንብ ይመልሳል፤ «እውነተኛ ነው?» የሚለውን ግን አይነካም። ጠርሙስና ክዳን ለሁሉም ይሸጣል። የማሸጊያ ማሽኑም እንደዚያው።

የሚቀደድና ምልክት የሚተው ስቲከር

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲነሣ ሥሩ ላይ ጽሑፍ ወይም የካሬ ምልክት ትቶ የሚሄድ ነው። ብዙውን ጊዜ «ቮይድ» (ዋጋ የለውም) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚተወው። ሁለተኛው እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚፈረካከስ ነው። ሙሉውን አንሥቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ አይቻልም፣ በትናንሹ ይሰባበራል።

አንድ ቀን ሦስት ዓይነት ስቲከር ካርቶንና ፕላስቲክ ላይ ለጥፌ አንድ ሌሊት አሳደርኳቸው። ጠዋት በጥፍሬ ስነቅል ፕላስቲኩ ላይ የነበሩት ምልክታቸውን በግልጽ ትተው ተነሡ። ካርቶኑ ላይ የነበረው አንደኛው ግን ከካርቶኑ የላይኛው ወረቀት ጋር አብሮ ተላጠ። ምልክት የለም፣ የተቀደደ ካርቶን ብቻ። ሌላኛውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሳደርገው እንደ ዋዛ ውልቅ አለ። ሥሩ ንጹሕ ነው። መልሼ ስለጥፈው ከሩቅ አያስታውቅም ነበር። ቅርብ ሆኜ ሳየው ግን አንዱ ጥግ ትንሽ ተጨማድዷል፣ ውስጡም የአየር አረፋ ይዟል።

ከዚያ ወዲህ ስቲከር የሚያማክሩኝን ሁሉ «መጀመሪያ በራሳችሁ ዕቃ ላይ ሞክሩት» እላቸዋለሁ። አንድ ስቲከር ለብርጭቆ ግሩም ሆኖ ለካርቶን የማይረባ ሊሆን ይችላል። ሙጫው ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ ላይ አንድ ቀን። አቧራና ቅባት ያለበት ነገር ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታመንም። ሻጩ ያሳያችሁ ሙከራ በራሱ ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ነው።

ከሁለቱ ምረጡ ካላችሁኝ የሚፈረካከሰውን እመርጣለሁ። ላዩ ላይ ደግሞ ተራ ቁጥር ይኑረው። ቁጥር የሌለው ስቲከር ከተቀደደ፣ ከዚያው ጥቅልል ሌላ አንሥቶ መለጠፍ ብቻ ነው ሥራው።

ቁጥር ያለው ማኅተም፦ ሽቦ፣ ፕላስቲክና ብሎን

ኮንቴይነር፣ የጭነት መኪና፣ የቆጣሪ ሳጥን፣ የገንዘብ ቦርሳ፣ የምርጫ ኮሮጆ። እነዚህ የሚታሸጉት አንዴ ከተዘጋ ሳይቆረጥ በማይከፈት ማኅተም ነው። ለጭነት ኮንቴይነር አይኤስኦ 17712 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ማኅተሞቹን በጥንካሬያቸው በሦስት ይከፍላቸዋል። ከታች ያለው መከፈቱን ብቻ የሚያሳይ ነው። ከላይ ያለው በእጅ የማይበጠስ፣ ትልቅ መቁረጫ የሚጠይቅ የብረት ብሎን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አመለካከት አለ። ሰው ማኅተምን እንደ ቁልፍ ያየዋል። ቁልፍ ሌባን ያቆማል። ማኅተም ግን አያቆምም፤ ይናገራል። ለመናገር ደግሞ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላብራቶሪ የነበረ ቡድን ከ200 በላይ የማኅተም ዓይነቶችን ፈትሾ ነበር። አብዛኞቹ በተራ መሣሪያ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተሸነፉ። ውድ የሆኑትም ጭምር። የቡድኑ ምክር ግን «ማኅተም አትጠቀሙ» የሚል አልነበረም። የሚፈትሹትን ሰዎች አሠልጥኑ፣ ምን ዓይነት ጭረትና ቀዳዳ እንደሚፈልጉ አሳዩአቸው ነው ያሉት።

በተግባር ሲተረጎም ይህ ነው። ላኪው ቁጥሩን መዝግቦ፣ ከዕቃው ጋር ሳይሆን በሌላ መንገድ ለተቀባዩ ይልካል። በስልክ ፎቶ ቢሆንም በቂ ነው። ተቀባዩ ከመቁረጡ በፊት ቁጥሩን ያመሳክራል፣ ማኅተሙን ይጎትታል፣ ዙሪያውን ያያል። የተቆረጠውንም አይጥልም፣ ለክርክር ያስቀምጠዋል። ብዙ መጋዘን ውስጥ የሚታየው ግን ማኅተሙ መኖሩን ብቻ አይቶ መቁረጥ ነው። ቁጥሩ ቢቀየር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ከሆነ ማኅተሙ ለይስሙላ ነው።

ሆሎግራምና ቀለም የሚቀይር ኅትመት

ሆሎግራም ማለት ሲያዘነብሉት ሥዕሉ የሚለዋወጥ የሚያብለጨልጭ ምልክት ነው። የፈለሰፈው በትውልድ ሃንጋሪያዊ የሆነው ዴኒስ ጋቦር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1947። በ1971 ለዚሁ ሥራው የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። በ1980ዎቹ የክሬዲት ካርዶች ላይ ወጣ፣ ከዚያ በየዕቃው ላይ ተሰራጨ።

በገንዘብ ኖት ላይ ይህ ዓይነቱ ጥበብ በጣም ይሠራል። የውሃ ምልክት፣ ማለትም ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚታይ ሥዕል፣ ያለበት ወረቀት በጣሊያኗ ፋብሪያኖ ከ1282 ጀምሮ ይታወቃል። አውስትራሊያ በ1988 ያወጣችው የፕላስቲክ ባለ አሥር ዶላር ኖት መነሻው በ1966 የገጠማት የሐሰተኛ አሥር ዶላር ጣጣ ነበር። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ ሕዝቡን በሦስት ቃል ያስተምራል፦ ዳስሱ፣ እዩ፣ አዘንብሉ።

ታዲያ ገንዘብ ላይ የሠራ ነገር የሻምፑ ካርቶን ላይ ለምን ይደክማል? ልዩነቱ ልማድ ነው። ያንኑ ኖት በቀን ስንቴ እንነካዋለን። ጣታችን ያውቀዋል። ትንሽ ሲለሰልስ ወይም ሲያዳልጥ እንጠራጠራለን። የሻምፑውን ሆሎግራም ግን በወር አንዴ ለአፍታ ነው የምናየው። ውስጡ ምን ሥዕል መኖር እንዳለበት ማናችንም አናውቅም። የሚያብለጨልጭ ነገር ካየን ልባችን ይረጋል። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ሆሎግራም ለመኮረጅ አይደክምም፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቻ ይለጥፋል።

ሆሎግራም ከመረጣችሁ አንድ በቃል የሚነገር ነገር ይኑረው። «ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ቅጠሉ ወደ ወፍ ይቀየራል» የሚል። ይህን ካርቶኑ ላይ፣ ማስታወቂያው ላይ፣ ባለሱቁ ጆሮ ውስጥ ጻፉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የማይችል ሆሎግራም ገንዘብ አይወጣበት።

ኪውአር ኮድና የሚፋቅ ቁጥር

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኪውአር ኮድ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ፣ ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ ነው። ዓላማው የመኪና መለዋወጫዎችን ፋብሪካ ውስጥ በፍጥነት መቁጠር ነበር። ከፎርጅድ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ካሬው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ብታደርጉት ኮፒው ልክ እንደ ዋናው ይነበባል። ስለዚህ በሁሉም ምርታችሁ ላይ አንድ ዓይነት ኪውአር ካተማችሁ፣ አጭበርባሪው ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይገለብጠዋል። ደንበኛው ሲያነበው ወደ እናንተው ድረ ገጽ ይወስደዋል፣ እርሱም ኦርጅናል ነው ብሎ ይሄዳል። ኮዱ የጠቀመው ሌባውን ነው።

ነገሩ የሚለወጠው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የማይደገም ቁጥር ሲኖረው ነው። ቁጥሩ እናንተ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አሁንም አንዱን ኮድ መገልበጥ ይቻላል፤ ግን ያው ቁጥር በአንድ ቀን አሥር ቦታ ሲነበብ ሥርዓቱ ይነቃል። ይህም ቢሆን ቅጂውን አያግድም፤ ከተነበበ በኋላ ነው የሚያጋልጠው። የሚያነብ ከሌለ ደግሞ ዝም ይላል።

ከዚህ የተሻለው የሚፋቀው ቁጥር ነው። እንደ ሞባይል ካርድ ሽፋኑን ፍቀው ቁጥሩን በአጭር መልእክት ይልካሉ፣ መልስ ይመጣል። ሳይፋቅ ስለማይታይ በመደርደሪያ ላይ ሳለ መገልበጥ አይቻልም። በዚህ መንገድ አፍሪካ ቀዳሚ ናት ብል ማጋነን አይደለም። ጋና ውስጥ ኤምፔዲግሪ፣ ናይጄሪያ ውስጥ ስፕሮክሲል የተባሉ ድርጅቶች መድኃኒት ላይ አስጀመሩት፤ የናይጄሪያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2010 የራሱ ሥርዓት አድርጎ ዘረጋው። ምክንያቱም ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚገኙ የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ ገምቷል። የሚፋቀው ቁጥር ውበቱ ስማርት ስልክ አለመጠየቁ ነው። ተራ ስልክ ይበቃል።

ጣጣውስ? ሦስት ነገር። አንድ፣ ባለሱቁ ወይም ልጅ ቀድሞ ከፋቀው እውነተኛው ዕቃ «ከዚህ በፊት ተፈትሿል» የሚል መልስ ይሰጣል፣ ገዢው ይደነግጣል። መልሳችሁ መቼ እንደተፈተሸ ጭምር ይናገር። ሁለት፣ አጭበርባሪው የራሱን ኪውአር አትሞ ወደ ራሱ ገጽ ሊወስድ ይችላል። ገጹ አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ኦርጅናል ነው» ይላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስልክ ወይም አድራሻ ማመን አይበቃም፤ ደንበኛው መላኪያውን ከሌላ ቦታ ማወቅ አለበት። ሦስት፣ ሰው ይሰለቻል። ሁሌ የሚፍቅ ገዢ ጥቂት ነው። መድኃኒት ይፍቃል፣ ሳሙና አይፍቅም።

የአውሮፓ ኅብረት ለመድኃኒት ያወጣው ደንብ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ከየካቲት 9 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብዛኛው በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ሁለት ነገር እንዲኖረው ግድ ሆነ፦ የማይደገም መለያ የያዘ ኮድና ካርቶኑ መከፈቱን የሚያሳይ ማሸጊያ። አንዱ ሌላውን አይተካም። ቁጥሩን የሚያነበውም ፋርማሲስቱ ነው፣ መድኃኒቱን ለታካሚው ሲሰጥ። ፍተሻውን ለሰለቸ ገዢ ሳይሆን ሥራው ለሆነ ሰው ሰጡት። ይህን ውሳኔ በጣም እወደዋለሁ።

ኤንኤፍሲ ቺፕ

ስልክ ሲጠጋው ያለ ባትሪ የሚናገር ትንሽ ቺፕ ነው። በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል፣ ርቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ትውልድ አለው፤ ሻጮች ሆን ብለውም ይሁን ሳያውቁ ያደባልቋቸዋል።

ርካሹ ሁሌ ያንኑ አድራሻ የሚናገር ነው። የተሻለ ልብስ የለበሰ ኪውአር ማለት ነው፣ ይገለበጣል። ውዱ ግን ውስጡ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ በተነካ ቁጥር አዲስ ኮድ ያመነጫል። የትናንቱን ኮድ መገልበጥ ለዛሬ አይሠራም፣ ቁልፉም ከቺፑ አይወጣም። አንዳንዶቹ ደግሞ በክዳኑ ላይ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ አላቸው። ክዳኑ ሲከፈት ሽቦው ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ቺፑ «ተከፍቻለሁ» ይላል። ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ከሚመልሱት ጥቂት ዘዴዎች አንዱ ይህ ነው።

ኪስ ይጎዳል ግን። ብረትና ፈሳሽ አጠገብም ያስቸግራል፣ ለዚያ የተሠራ ልዩ ዓይነት መግዛት ያስፈልጋል። ስልኩ ኤንኤፍሲ የሌለው ደንበኛም አለ። ሽቦ የሌለው ቺፕ ደግሞ በጥንቃቄ ተነቅሎ ሌላ ዕቃ ላይ ሊሄድ ይችላል። ለሳሙና አይሆንም። ለእጅ ሰዓት፣ ለውድ ቦርሳ፣ ለማሽን መለዋወጫ ግን ዋጋው ያዋጣል።

የማይታዩት

በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ የሚታይ ቀለም፣ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ጽሑፍ፣ በምርቱ ውስጥ የተደባለቀ ጥቃቅን ምልክት። እነዚህ ገዢውን አይረዱም። የሚረዱት እናንተን ነው፦ «ይህን የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ» ተብላችሁ ስትከሰሱ ወይም ከሐሰተኛው ጋር ፍርድ ቤት ስትቆሙ። ከሌላ ዘዴ ጋር እንጂ ለብቻው አይግዙት። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው ቁጥርም አነስተኛ ይሁን።

የተፈጥሮ ዝብርቅ፣ ጥፍር ቀለም ጭምር

ለራሴ ዕቃ የምጠቀመው ይህን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው በዕቅድ የሠራውን ሌላ ሰው በዕቅድ ይሠራዋል። በአጋጣሚ የተበተነ ነገር ግን ሠሪው ራሱ እንኳን መድገም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጥቃቅን የብርጭቆ ኳሶች የተበተኑበትን ፕላስቲክ በሌዘር አብርተው፣ የሚወጣው የብርሃን ዝብርቅ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ብቸኛ እንደሆነ አሳይተዋል። የወረቀት ቃጫም እንዲሁ አሻራ አለው።

በቤት ደረጃ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለ ብልጭልጭ የጥፍር ቀለም ትገዛላችሁ፤ ትልልቅና ትናንሽ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ብልጭልጭ የተደባለቀበት ቢሆን ይመረጣል። የላፕቶፑን ብሎን ጭንቅላትና ዙሪያውን ትቀባላችሁ። ሲደርቅ በቅርብ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ፎቶውንም ላፕቶፑ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ታስቀምጣላችሁ። ብሎኑን ለመፍታት ቀለሙ መሰበር አለበት። መልሶ የሚቀባ ሰው ያንኑ ቀለም ቢያገኝ እንኳን ቀዩ ከሰማያዊው አጠገብ፣ ወርቃማው ከጠርዙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ማድረግ አይችልም። ከጉዞ ስትመለሱ ሁለተኛ ፎቶ አንሥታችሁ ሁለቱን ታስተያያላችሁ። ወጪው የአንድ ጥፍር ቀለም ነው። ድክመቱ ፎቶ ማስተያየቱ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ ለሺህ ካርቶን አይሆንም።

ስለ ኤሌክትሮኒክስ ካነሣን፣ አንዳንድ መሣሪያ የራሱን ማስረጃ ይይዛል። ብዙ ስልኮች ውስጥ ውሃ ሲነካት ከነጭ ወደ ቀይ የምትቀየር ትንሽ ምልክት አለች። የካርድ መክፈያ ማሽን ደግሞ ሽፋኑ ሲከፈት ምስጢራዊ ቁልፎቹን ራሱ ያጠፋል።

በአጭሩ ሲታይ

| ዘዴ | እውነተኛ ነው? | ተከፍቷል? | ማን ይፈትሻል? | የሚሸነፈው እንዴት ነው? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚሰበር ክዳን፣ ፎይል | አይመልስም | በደንብ | ማንም፣ በእጁ | አዲስ ክዳን ገዝቶ በማሸግ | ዝቅተኛ (ማሽኑ ሲቀር) |
| የሚቀደድ ስቲከር | በጥቂቱ | ዕቃው ላይ ይወሰናል | ማንም፣ ካስተዋለ | በሙቀት በማንሣት፣ በመተካት | ዝቅተኛ |
| ቁጥር ያለው ማኅተም | ቁጥሩ ከተመሳከረ | አዎ | የሠለጠነ ተቀባይ | ቁጥሩን የሚያይ ሲጠፋ | ዝቅተኛ፣ ሥልጠና ሲደመር |
| ሆሎግራም | ገዢው ከተማረ | ብቻውን አይመልስም | ገዢ፣ በዓይኑ | በማንኛውም የሚያብለጨልጭ ነገር | መካከለኛ |
| አንድ ዓይነት ኪውአር | አይመልስም | አይመልስም | የለም | በፎቶ ኮፒ | ከዜሮ የማይርቅ |
| የማይደገም ኮድ፣ የሚፋቅ | አዎ፣ ከተነበበ | ሽፋኑ ብቻ | ገዢ በስልክ ወይም ፋርማሲስት | በሐሰተኛ ገጽ፣ በመሰልቸት | መካከለኛ፣ በየወሩ የሚቀጥል |
| ምስጢራዊ ኤንኤፍሲ ከሽቦ ጋር | አዎ | አዎ | ስማርት ስልክ ያለው | በጣም ከባድ ነው | ከፍተኛ |
| የማይታይ ምልክት | ለባለሙያ ብቻ | አይመልስም | ላብራቶሪ | ምስጢሩ ከወጣ | መካከለኛ |
| ብልጭልጭ ጥፍር ቀለም | አይመለከተውም | በደንብ | ባለቤቱ፣ በፎቶ | ፎቶውን የማያስተያይ ሲሆን | እዚህ ግባ የማይባል |

ለእናንተ የትኛው?

በጀታችሁ ትንሽ፣ ምርታችሁ የሚበላ ወይም የሚቀባ ከሆነ፦ መጀመሪያ የሚሰበር ክዳን ወይም ፎይል። ስማችሁ የታተመበት የአንገት ላስቲክ ጨምሩ። ሆሎግራም ላይ የምታወጡትን ገንዘብ ለጊዜው ያዙት። የሰው አካል ውስጥ በሚገባ ነገር ላይ የመነካካት ጉዳይ ይቀድማል።

መድኃኒት፣ የሕፃን ወተት ወይም የሕክምና መሣሪያ ከሆነ፦ ሁለቱንም ጥያቄዎች መመለስ ግዴታችሁ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ሕግ ባያስገድዳችሁም። የማይደገም የሚፋቅ ቁጥርና የሚሰበር ማሸጊያ አብረው ይሂዱ። ለደንበኛው ቁጥሩን እንዲፍቅ ምክንያት ስጡት፤ ባለሱቁንም አስተምሩት።

ተወዳጅ ሆኖ መኮረጅ የጀመረ ምርት ካላችሁ፦ ባዶ ጠርሙሳችሁ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። በብዙ ቦታ አጭበርባሪው የሚጠቀመው እውነተኛውን ጠርሙስና እውነተኛውን ምልክት ነው፤ ውስጡን ብቻ ነው የሚቀይረው። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሲከፈት ክዳኑንም ምልክቱንም አብሮ የሚያጠፋ ነገር ነው፦ ክዳንና አንገቱን አቋርጦ የሚለጠፍ፣ የሚፈረካከስ፣ ቁጥር ያለው ስቲከር።

ጥቂት ግን ውድ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ፦ ምስጢራዊ ኤንኤፍሲ። ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ሁለቴ ሳነበው የሚሰጠው ኮድ ይለያያል?» የማይለያይ ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሰርተፍኬት ወይም የትምህርት ማስረጃ የምትሰጡ ከሆነ፦ ወረቀቱን ከማስዋብ ይልቅ መዝገቡን ክፍት አድርጉት። ቀጣሪው ቁጥሩን አስገብቶ ስምና ዓመት በራሳችሁ ገጽ ላይ ካየ፣ ማኅተሙ ቢኮረጅ ለውጥ አያመጣም። አሁንም ቢሆን ያሸበረቀ ወረቀት ብቻ የሚያምኑ ተቋማት መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ዕቃ የምትልኩና የምትቀበሉ ከሆነ፦ ከሁሉ ውዱን ማኅተም አትግዙ። መካከለኛውን ገዝታችሁ ቀሪውን ገንዘብ ለተቀባዩ ሥልጠና አውሉት።

ለራሳችሁ ላፕቶፕ፣ ካዝና ወይም መሳቢያ፦ ጥፍር ቀለምና ስልክ።

ገዢ ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ልማድ አድርጉ። የክዳኑን ድምፅ ስሙ፣ ክዳኑ መሀል ያለችውን ክብ ተጫኑ፤ የሚፋቅ ቁጥር ካለ መድኃኒት ላይ ሁሌ ፋቁ። ከተጠቀማችሁ በኋላ የውድ ዕቃ ጠርሙስና ካርቶን እንዳለ አትጣሉ። ምልክቱን ቅደዱት፣ ክዳኑን ለዩት።

ከማዘዛችሁ በፊት

ናሙና ጠይቁ፤ በራሳችሁ ዕቃ ላይ ለጥፉት። በራሳችሁ መጋዘን ሙቀትና አቧራ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከዚያ አሥር ዕቃ አዘጋጁ፦ ሰባቱን አትንኩ፣ ሦስቱን ከፍታችሁ በተቻላችሁ መጠን መልሳችሁ አሽጓቸው። ስለ ሥራችሁ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡት። ምንም ሳታስረዱት «የትኞቹ ተከፍተዋል?» በሉት። ሦስቱንም ካላገኘ፣ አንድ ደቂቃ አስረድታችሁት እንደገና ይሞክር። አሁንም ካላገኘ ያ ማሸጊያ ለደንበኛችሁም አይታየውም፤ ሌላ ናሙና ጠይቁ።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ፤ ያልተለጠፈው ጥቅልል። እውነተኛው ስቲከር ከእናንተው መጋዘን ወይም ከማተሚያ ቤቱ ከወጣ፣ አጭበርባሪው መኮረጅ አያስፈልገውም። ስንት እንደታተመ፣ ስንት እንደተለጠፈ፣ ስንት እንደተበላሸ በቁጥር ይመዝገብ። የተበላሸው ተቆጥሮ ይቃጠል። ማተሚያ ቤቱ ጋር የምትፈርሙት ውል ውስጥ ይህ ካልተጻፈ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አስጨምሩት።